የሜሳ ቬርዴ ካክተስ በራሱ ሥር

በትግራይ ኮረብታዎች የበለስ ቅጠል ተገንጥሎ መሬት ላይ ሲወድቅ ማንም ሳይንከባከበው ሥር ይሰዳል። ካክተስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበውም እንዲህ ያለውን፣ ቢረሱት እንኳ የማይሞት ተክል ነው። ከዚሁ ቤተሰብ ግን ዕድሜ ልካቸውን ካክተስ ያሳደጉ ሰዎችን ሳይቀር እጅ ያሰጠ አንድ ድንክ ዝርያ አለ። የሜሳ ቬርዴ ካክተስ ይባላል። ቁመቱ ብዙ ጊዜ ከ10 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። መልኩ አመድማ አረንጓዴ፣ እሾሁ አጫጭር፣ አበባው ክሬም ነው። በተወለደበት ምድር ውርጩንም ሐሩሩንም ችሎ ይኖራል፤ ማሰሮ ውስጥ ሲገባ ግን ያለጊዜው የተሰጠው አንድ ውኃ ሊገድለው ይችላል።

አገሩ የኮሎራዶ፣ የዩታ፣ የአሪዞናና የኒው ሜክሲኮ ግዛቶች ጥግ ለጥግ የሚገናኙበት የአሜሪካ ደረቅ ምድር ነው። በተለይ በኒው ሜክሲኮ በሺፕሮክ ከተማ ዙሪያና በኮሎራዶ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ይገኛል፤ ከመሬቱም ብዙው የናቫሆና የዩት ማውንቴን ዩት ሕዝቦች ይዞታ ነው። ለሳይንስ ያስተዋወቀው ቻርልስ ቦይሴቫን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1940 ኮሎራዶዋ የሚል የራሱ ወገን ሰጥቶት ነበር። ኋላ ላይማን ቤንሰን ስክሌሮካክተስ ከሚባሉት ጋር ቀላቀለው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1979 ለአደጋ ከተጋለጡ ዝርያዎች መዝገብ አስገብቶታል። የዱር ዝርያዎችን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፉ የሳይትስ ስምምነትም ጥብቅ ቁጥጥር በሚደረግበት በመጀመሪያው ዝርዝሩ ይዞታል። ሰብሳቢዎች ከሜዳ ነቅለው ወደ ቤታቸው የወሰዱት ደግሞ በአብዛኛው አልበረከተላቸውም። ሕጉ ባይከለክለው እንኳ መንቀሉ ትርፍ የለውም።

እንቆቅልሹ የሚጀምረው ከአፈሩ ነው። ተክሉ የሚበቅለው ማንኮስ ሼል ከሚባል ዐለት በተፈጠረ ግራጫ አፈር ላይ ሲሆን፣ ዐለቱም በዳይኖሰሮች ዘመን የባሕር ወለል የነበረ ጭቃ ተጠቅጥቆ የፈጠረው ነው። ጨው አለው፣ ጀሶ አለው፣ ሴሊኒየም አለው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ሌላ ተክል እምብዛም አይደፍረውም። ታዲያ ውኃ ቋጣሪ ሸክላ ላይ የኖረ ተክል ማሰሮ ውስጥ በእርጥበት የሚበሰብሰው ለምንድን ነው? አካባቢው በዓመት የሚያገኘው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያም ላይ ብዙው በተዳፋቱ ተንሸራቶ ያልፋል፤ ወደ ውስጥ የሰረገውን ጥቂት ደግሞ ፀሐይና ነፋስ ይሻሙታል። ያው ሸክላ ማሰሮ ውስጥ ሲሆን ግን እንዲህ የሚያደርቀው ኃይል የለም። በአፈሩ ቅንጣቶች መሐል የነበረውን የአየር ቦታ ውኃ ይይዘዋል፣ ሥሩ ኦክስጅን ያጣል፣ የታፈነውን ሥር ፉዛሪየምና ሌሎች አበስባሽ ተሕዋስያን ይወሩታል። ስለዚህ የተክሉን የትውልድ አፈር መኮረጅ ጥሩ የሚመስል መጥፎ ሐሳብ ነው።

ከአፈሩ የባሰ የሚያሳስተው ጊዜው ነው። አብዛኛው ሰው ካክተስን በሙቀት ወራት ያጠጣል፣ በብርድ ይተወዋል። ይህ ዝርያ ግን የሚነቃው በአሜሪካ ክረምት፣ ማለትም በብርዱ ወቅት፣ ማብቂያና በጸደይ ነው፤ በሚያዝያና በግንቦት ያብባል፣ ሐሩሩ ሲበረታ ይተኛል። በተኛበት ወቅት ውኃ የሚመጥጡት ቀጫጭን ሥሮቹ ብዙዎቹ ይደርቃሉ። በሐምሌ ተክሉ ተኮማትሮ፣ ወደ አፈሩ ዝቅ ብሎ ሲታይ የተጠማ ይመስላል። ባለቤቱ አዝኖ ያጠጣዋል። ያ ውኃ የሚያገኘው ደረቅ ሥርና ሙቅ አፈር ነው፤ ለመበስበስ ከዚህ የተመቸ ነገር የለም። ብዙ የሜሳ ቬርዴ ካክተሶች የሞቱት በጥማት ሳይሆን በርኅራኄ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ ጣጣ የሚያድን አቋራጭ አለ፤ ግራፍት ማድረግ። አቮካዶ ላይ እንደሚደረገው ሁሉ የዚህ ተክል ቡቃያ አናቱ ተቆርጦ በጠንካራ ካክተስ ግንድ ላይ ይተከላል። ለትንንሽ ቡቃያዎች በብዛት የሚመረጠው ፔሬስኪዮፕሲስ የበለስ ዘመድ ነው። ውኃ ቢበዛበት ይችላል፣ ምግቡን ያለስስት ወደ ላይ ይልካል። ችግሩ ልግስናው ነው። ከላይ የተቀመጠው ድንክ ያብጣል፣ ይረዝማል፣ ጠፍጣፋ ቅርጹን ያጣል፤ ሺፕሮክ አጠገብ ያለውን ዘመዱን አይመስልም። ጀርመንና ቼክ ውስጥ ያሉ ልምድ ያካበቱ አሳዳጊዎች ጭምር በራሱ ሥር የቆመውን ለማግኘት ዓመታት የሚያጠፉት ለዚህ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከዘር ነው። ዘሩ ጥቁር ነው፤ መጠኑ ከጥቁር አዝሙድ ጥቂት ከፍ ይላል፣ ቅርፊቱም ድንጋይ ነው። እንደ ሌሎች ካክተሶች በሙቅ እርጥብ አፈር ላይ ቢበተን ብዙው ዝም ይላል። አንዳንዱ ዘሩን አሸዋ ላይ ዘርቶ ክረምቱን ውጭ ያሳድረዋል፤ ብርዱና ፀሐዩ እየተፈራረቁ ቅርፊቱን ያላሉታል። ትዕግሥት ያጠረው ምላጭ ያነሣል። ዘሩን በጣቶቹ ይዞ በማጉያ መነጽር እያየ፣ ቀድሞ ከፍሬው ጋር ተያይዞ በነበረበት ጫፍ በኩል ስስ ቅራፊ ያነሣለታል። ነጩ ጽንስ ብቅ ሲል ማቆም አለበት፤ ከዚያ ካለፈ ዘሩን አረደው ማለት ነው። የተሳካለት በቀናት ውስጥ ያበቅላል። በብርድ ተዘርቶ ዘንድሮ ያልበቀለ ዘር ያለበትን ማሰሮ መድፋት ግን ስሕተት ነው፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ክረምት የሚነቃ አለ።

ማሰሮው ጠለቅ ያለ ቢሆን ይመረጣል። አፈር ከማለት ጠጠር ማለት ይቀላል፤ ፑሚስ የሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ሸካራ አሸዋና ደቃቅ ጠጠር። በስምጥ ሸለቆአችን እንደ ልብ የሚገኘው ፑሚስ ለዚህ ሥራ በብዙ አገር በገንዘብ ይሸመታል። ኮምፖስት ካለም ጥቂት ነው፤ ብዙዎች ጭራሽ አያስገቡም። የተክሉ አንገት፣ ማለትም ሥርና ግንዱ የሚገናኙበት ቦታ፣ በደረቅ ጠጠር ይከበባል፤ ብስባሹ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

ውኃው በጸደይ በደንብ ይሰጣል፤ ከዚያ እስከ ታች ሲደርቅ ይጠበቃል። በሐሩሩ ወራት ይቆማል፣ በመኸር ሲቀዘቅዝ ጥቂት ይመለሳል፣ ክረምቱን ሙሉ በሙሉ ደርቆ ያሳልፋል። ደረቅ ከሆነ ብርድ አያስፈራውም። ነፋስና ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ሳሎን ውስጥ መስኮት ሥር የሚያምር ጌጥ እንዲሆን የሚመኝ ሰው ሌላ ተክል ቢፈልግ ይሻለዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ይበሰብሳል። ምልክቱ ከታች የሚጀምር ቡናማ ቀለምና ሲነኩት የሚለሰልስ አካል ነው። ያኔ አሳዳጊው ምላጩን በአልኮል ጠርጎ ከሥር ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠው ገጽ መሐል ያለችውን ክብ ቀለበት ያያል። ቀለበቷ ቀላ ወይም ቡናማ ካለች ምላጩን እንደገና ጠርጎ ሌላ ስስ ቁራጭ ያነሣል፤ ንጹሕ ነጭ እስኪያገኝ ይቀጥላል። የተረፈው አናት በደረቅ አሸዋ ላይ አዲስ ሥር የማውጣት ዕድሉ ጠባብ ስለሆነ መሄጃው ያው የተናቀው ግራፍት ነው። እዚያም ከሞት ይተርፋል፣ ይወፍራል፣ ያብባል። አበባው በፈካ ቀን ከዚሁ ዝርያ የሌላ ተክል የአበባ ዱቄት በቀጭን ብሩሽ ይነሰነስለታል፤ የሚሰጠው ዘርም በራሱ ሥር ለሚቆመው ለሚቀጥለው ትውልድ ጠጠር ላይ ይዘራል።