ከአራስ ቤት እስከ ሐይቁ ዳር

ልጅ ተወለደ የሚለው ዜና ለአንድ የሠራዊት አባል ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ከቤቱ ርቆ በግዳጅ ላይ እንዳለ ነው። ቀድሞ በደብዳቤና በቴሌግራም ይመጣ የነበረው ብሥራት ዛሬ በእጅ ስልክ ይመጣል፤ ፎቶግራፉም አብሮ ይደርሳል። ይሁን እንጂ ፎቶግራፍ አይታቀፍም። አባትየው ፈቃድ አግኝቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ የያዛቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ እነርሱም እንኳን ማርያም ማረችሽ ለማለት የሚመጣውን ዘመድና ጎረቤት በመቀበል፣ የሚያፈሰውን የቤት ክዳን በመጠገንና የቆየ ጉዳይ ለማስፈጸም ከቢሮ ቢሮ በመዞር ያልቃሉ። ከእነዚህ ቀናት መካከል ባልና ሚስት ልጃቸውን ይዘው ከቤት በመውጣት አብረው የሚያሳልፉት ግማሽ ቀን ስንት ቤት ውስጥ ይገኛል?

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን ግማሽ ቀን ነው። ለአብነት የመረጥነው ከተማ ሐዋሳ ነው፤ ሐይቁ ከከተማው መሐል በእግር የሚደረስበት፣ መዝናኛውም የኪስ አቅምን የማይፈታተን በመሆኑ ለጀማሪ ወላጆች የተመቸ ነውና። ይሁንና እዚህ የሚነገረው አብዛኛው ነገር ባሕር ዳርም ሆነ ቢሾፍቱ ላለ ቤተሰብ ያገለግላል።

በቅድሚያ ስለ አራስ ቤቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። እናት ከወሊድ በኋላ እንድታርፍ፣ ገንፎና አጥሚት እየቀረበላት ጉልበቷን እንድትመልስ የሚያዘው ልማዳችን ጥበብ ያለበት ልማድ ነው። በክርስቲያኑ ቤት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ፣ በሙስሊሙም ቤት አራስነቱ እስኪፈጸም ድረስ፣ እናትና ልጅ ከቤት ርቀው አለመሄዳቸው ከብዙ ድካምና ከብዙ በሽታ ይጠብቃቸዋል። ዕረፍቱን የሚነቅፍ ሰው ካለ አንድ አራስ ሴት ሌሊቱን ስንት ጊዜ እንደምትነሣ ያላየ ሰው መሆን አለበት። የሚነቀፈው ጨለማው ነው። ሕፃኑ ምች እንዳይመታው፣ ዓይንም እንዳይወድቅበት በሚል ሥጋት መስኮትና መጋረጃ ተዘግቶ፣ ልጁ በጨርቅ ላይ ጨርቅ ተደርቦለት ወራት ያልፋሉ። የሕፃን አጥንት ደግሞ ለመጠንከር ቫይታሚን ዲ ያስፈልገዋል፤ የእናት ጡት ወተት ከዚህ ቫይታሚን የሚይዘው ጥቂት ስለሆነ ቀሪውን ገላ የሚያዘጋጀው የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት ነው። ይህ የጎደለው ልጅ ሪኬትስ በተባለው የአጥንት መለስለስ በሽታ ይያዛል፤ እግሩ ይጎብጣል፣ የደረቱም አጥንት ደካማ ይሆናል።

ነገሩ በእግር መጉበጥ ብቻ አያበቃም። በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ተካሂዶ በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት፣ 500 የሳንባ ምች ሕሙማን ሕፃናትን የሳንባ ምች ካልያዛቸው ሌሎች 500 ሕፃናት ጋር አነጻጽሮ፣ ሪኬትስ ያለባቸው ልጆች በሕሙማኑ ዘንድ በብዙ እጥፍ በልጠው እንደተገኙ አሳይቷል። እንግዲህ ልጇን ከምች ለማዳን ፀሐይ የምትከለክል እናት ሳታውቀው ለሳንባ ምች ታመቻቸዋለች ማለት ነው። አያቶቻችን ከቅርብ ዘመን ወዲህ በጠዋት ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሕፃኑን ገላውን ገልጠው ፀሐይ ሲያሞቁት የሚታየው የጤና ባለሙያዎች ያለመሰልቸት ባስተማሩት መሠረት ነው። በመስተዋት ውስጥ የሚገባ ፀሐይ ይህን ጥቅም እንደማይሰጥም መታወቅ አለበት። ለስላሳው የጠዋት ፀሐይ፣ ጥቂት ደቂቃ፣ በቀጥታ ገላው ላይ፤ ከዚያ በኋላ ጥላ።

ስለዚህ ሽርሽሩ የሚጀመረው በጠዋት ይሆናል። በጦር አካዳሚ ያለፍን ሰዎች ማንኛውም እንቅስቃሴ በቅኝት እንደሚቀደም ተምረናል፤ ለዚህ ዓይነቱ ግዳጅ ትምህርቱ ይሠራል ብለን ባንጠብቅም በሚገባ ይሠራል። ጥላ የት አለ? እናት ተቀምጣ የምታጠባበት ነፋስ የማይበዛበት ስፍራ የትኛው ነው? ዝናብ ቢመጣ መጠለያው ስንት እርምጃ ነው? የመመለሻው መንገድስ? ባልየው ይህን ሁሉ አንድ ቀን አስቀድሞ በእግሩ ሄዶ ቢያረጋግጥ ሚስቱ በማግሥቱ ልጁን ይዛ ከወዲያ ወዲህ አትንከራተትም። ስንቁም ቀላል ነው፤ ሁለት የሽንት ጨርቅ፣ ለብርድ የሚሆን ፎጣ፣ ለእናትየው የሚጠጣ ውኃ፣ ነጠላ። ለአንድ ጠዋት የሦስት ቀን ጓዝ የሚጭኑ አሉ፤ እነዚህ ከበር ሳይወጡ የሚደክሙት ናቸው።

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ገደማ የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮም የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። ሐይቋ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ የጥቁር ውኃ ወንዝ የሚገባበት፣ ነገር ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የሌለው ሐይቅ ነው። መውጫ የሌላቸው ሐይቆች ብዙውን ጊዜ ጨዋማ ሲሆኑ ይኸኛው ጨው አልባ ሆኖ መቆየቱ ያስደንቃል። የከተማው ሰው ከሰዓት በኋላ በዳርቻው እየተንሸራሸረ ነፋሱን የሚቀበልበት ስፍራ ፍቅር ሐይቅ ይባላል። ጠዋት ግን መሄድ የሚገባው ወደ አሞራ ገደል ነው።

በአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች ማታ የጣሉትን መረብ ጠዋት ሰብስበው በጀልባ ይመጣሉ። ቆሮሶው፣ አምባዛው፣ ባርቦው ከጀልባ ወደ ዳር ሲወርድ ቢላዋ የያዙ ልጆች ቅርፊቱን ይፍቃሉ፣ ሆድ ዕቃውን ያወጣሉ፤ ዙሪያውን ደግሞ አባ ኮዳዎች ቆመው ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። አባ ኮዳ ቁመቱ ሜትር ከግማሽ ሊደርስ የሚችል፣ ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ሥር ከረጢት ያንጠለጠለ ወፍ ነው። አቋቋሙ ለደመወዝ የተሰለፈ ጡረተኛ ይመስላል። ውበት የለውም፤ ሆኖም ሕፃን ውበትን በእኛ መስፈርት አይለካም።

በእርግጥ አዲስ የተወለደ ልጅ አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ያለውን ብቻ ነው፤ ይኸውም ሲጠባ በዓይኑና በእናቱ ፊት መካከል ያለው ርቀት ነው። በስድስት ሳምንት አካባቢ ለሚያየው ፊት ፈገግታ መስጠት ይጀምራል። ሦስት ወር ሲሞላው የሚንቀሳቀስ ነገርን በዓይኑ ይከተላል፤ በዚህ ዕድሜ ከሁሉ አብልጦ የሚስበው ጥቁርና ነጭ ጎን ለጎን የሆነበት፣ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታይ ነገር ነው። እንግዲህ በሐይቁ ዳር ዛፎች ላይ ጉሬዛዎች አሉ። ጥቁር ገላ፣ ከትከሻ እስከ ወገብ የሚወርድ ነጭ ጠጉር፣ ረጅም ነጭ ጭራ። በከተማ ያሉ ወላጆች ጥቁርና ነጭ ሥዕል የታተመበት ካርድ ለሕፃን እንደሚገዙ ሰምተናል፤ የሐዋሳ ሕፃን ያንኑ ካርድ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል በነጻ ያያል። ጉሬዛ ቅጠል በል በመሆኑ ለሰው እምብዛም ግድ የለውም። ጦጣዎቹ ግን ሌላ ናቸው፤ በእጅ የተያዘ ምግብ ነጥቀው ይሮጣሉና ልጅ ባቀፈ ሰው አጠገብ ሙዝና ዳቦ ባይታይ ይመረጣል። እነርሱን እየመገቡ ፎቶግራፍ የሚነሡ ጎብኚዎች ጦጣዎቹን ያባልጓቸዋል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ቀጥሎ የሚመጣው ቤተሰብ ነው።

ልጁን ማን ይያዘው? እናትየው ወራት ሙሉ ይዛዋለች። አንቀልባም ሆነ የጨርቅ ማዘያ፣ እግሮቹን ፈርከክ አድርጎ ወገብ ላይ የሚያስቀምጥ በመሆኑ ለሕፃኑ ዳሌ መገጣጠሚያ ተስማሚ እንደሆነ ባለሙያዎች ይመሰክሩለታል፤ ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ ደግሞ ባለመንኮራኩር ጋሪ አይተካውም። ወንድ ልጅ አያዝልም የሚለው አባባል ግን ለእኛ አይዋጥልንም። ሃያ ኪሎ ትጥቅ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ወታደር አምስት ኪሎ የማይሞላ ልጅ ሲያቅፍ የሚያፍርበት ምክንያት የለም። በዓሣ ገበያው ጉልት የያዙ እናቶች ልጅ ያቀፈ አባት ሲያዩ መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ቀጥሎ «እደጊ ተመንደጊ» ብለው ይመርቃሉ፤ በመጨረሻም የሚያቅፍበትን አኳኋን ያርሙለታል።

ወላጆቹ አዋዜ የቀረበለት የዓሣ ጥብስና ትኩስ የዓሣ ሾርባ ይዘዙ። ለምታጠባ እናት ዓሣ ገንቢ ምግብ ነው። ለሕፃኑ ግን እስከ ስድስት ወር ድረስ ከእናት ጡት በቀር ምንም አያስፈልገውም፤ ሙቀት ነው ተብሎ ውኃ፣ ይጣፍጠው ተብሎ ሾርባ፣ አንጀቱን ያለስልሰው ተብሎ ቅቤ አይሰጠውም። የጡት ወተት አብዛኛው ውኃ ስለሆነ የሐዋሳ ቀትር እንኳ ሌላ መጠጥ አያስፈልገውም። ይህን ለደግ አስተናጋጅና ለደግ አክስት ማስረዳት የአባት ድርሻ ቢሆን መልካም ነው። እናትየው ነጠላዋን ከትከሻዋ ወረድ አድርጋ ስታጠባ ባሏ አጠገቧ ቢቀመጥ በቂ ነው።

አሁን ወደ ከበደው ጉዳይ እንምጣ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ስታገኝ፣ የአባት ፈቃድ ሦስት ተከታታይ ቀን ነው። አዋጁ የሚመለከተው ሲቪሉን ሠራተኛ ነው፤ ወታደሩ በግዳጁ ሁኔታ ይተዳደራል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ልጃችንን የምናውቀው በዘገየ ሰዓት ነው። ሕፃን ደግሞ ከስድስት እስከ ስምንት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ የሚያውቀውን ፊት ከማያውቀው መለየት ይጀምራል፤ ያላወቀው ሰው ሲጠጋው ያለቅሳል፣ ወደ እናቱም ይሸሻል። ይህ የአእምሮ ዕድገት ምልክት ነው። ለአባት ግን እንደ ምልክት አይሰማውም።

የምናውቀው አንድ ሃምሳ አለቃ ልጁ ሰባት ወር ሲሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ መጣ። ልጁ ሲያየው ጮኸ። አማቱ «አባትህ እኮ ነው፣ አባትህ» እያሉ ልጁን ወደ እርሱ ሲያቀርቡት ጩኸቱ ባሰ። ሁለት ቀን እንዲህ ሆነ፤ ሃምሳ አለቃው ማንንም አልወቀሰም፣ ነገር ግን ከቤት እየወጣ ማምሸት ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ሚስቱ ሐይቁ ዳር እንሂድ አለችው። ጥላ ሥር ተቀመጡ። እርሱ ልጁን ለመያዝ እጁን አልዘረጋም፤ ብርቱካን እየላጠ ከሚስቱ ጋር ስለ መንገዱ፣ ስለ ጓዶቹ፣ ስለ ቤት ኪራዩ ያወራ ነበር። ልጁ በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያም የሸሚዙን ቁልፍ ያዘ። ሃምሳ አለቃው ወሬውን ሳያቋርጥ ባለበት ጸንቶ ተቀመጠ፤ እግሩ እስኪደነዝዝ አልተነሣም አሉ።

የሕፃናት ጤና ባለሙያዎችም የሚመክሩት ይህንኑ ነው። ልጅ ከአዲስ ሰው ጋር በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ ይለማመዳል እንጂ ተነጥቆ አይሰጥም። ቤት ውስጥ ዘመድ ሁሉ ዓይኑን ጥሎ የሚሆነውን ስለሚጠብቅ ነገሩ ይከብዳል፤ ሜዳ ላይ ውኃው፣ ወፉና ጀልባው ስላሉ ልጁም አባቱም የሚያዩት ሌላ ነገር ያገኛሉ። ሩቅ ያለ አባትም ማታ ማታ ስልክ ደውሎ ልጁ ድምፁን እንዲሰማ ቢያደርግ ሲመጣ ድምፁ እንግዳ አይሆንም።

የጥንቃቄውን ነገር በአጭሩ እንለፈው። ሐይቁ ያምራል ተብሎ የሕፃን እግር አይነከርበትም፤ በዳርቻው ቢልሃርዝያ እንደሚገኝ በአካባቢው ልጆች ላይ የተደረገ ምርመራ አሳይቷል። የወባ ትንኝ የምትናደፈው ከመሸ በኋላ ስለሆነ 11 ሰዓት ሲል መነሣት፣ ሌሊቱንም ሕፃኑን አጎበር ውስጥ ማስተኛት ግድ ነው። ጉማሬዎችም በምሽት ለግጦሽ ወደ ዳር ይወጣሉ፤ ጉማሬ የሚመስለውን ያህል ዘገምተኛ እንስሳ አይደለም። የታቦር ተራራ ከአናቱ ከተማውንና ሐይቁን በአንድነት ያሳያል፣ ሆኖም ጥላ ስለሚያንስበት ልጁ ጠንከር እስኪል ይቆይ። የወንዶ ገነት ፍል ውኃም እንዲሁ፤ ለትልልቆቹ እንጂ ለጨቅላ ገላ አይደለም።

ቀኑን ለመምረጥ የሚቸገር ቤተሰብ ካለ የክትባት ካርዱን ይመልከት። በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በነጻ የሚሰጠው ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይደጋገማል፤ የኩፍኝ ክትባት ደግሞ በ9 ወር ይጀምራል። በእነዚያ ቀናት እናት ልጇን ይዛ መውጣቷ አይቀርም። መርፌው ካለቀሰበት በኋላ ሕፃኑ ጠብቶ ጸጥ ሲል ከጤና ጣቢያው እስከ ሐይቁ ያለው መንገድ በባጃጅ የጥቂት ደቂቃ ጉዞ ነው።