ከእርግብግቢት በታች ያለው ውኃ

ሕፃን የምታጥብ እናት ሁሉ በየቀኑ የምትነካት ቦታ አለች፤ ከግንባሩ ከፍ ብላ የምትገኝ፣ አጥንት ገና ያልገጠመባት እርግብግቢት። ልጁ ሳያለቅስ ቀና ተደርጎ ሲታቀፍ ለስላሳ፣ ምናልባትም ትንሽ ጎድጎድ ያለች ናት። እንዲያ እያለም አብጣና ተወጥራ ከቆየች የራስ ቅሉ ውስጥ ግፊት እንዳለ ትጠቁማለች። በገርጂም፣ በሲኤምሲም፣ በአያትም የ45 ቀን ክትባት ለማስከተብ ልጃቸውን አቅፈው ጤና ጣቢያ ወረፋ የሚይዙ ወላጆች ሁሉ ይህን ቢያውቁ ብዙ ሕፃናት በጊዜ ሐኪም ዘንድ ይደርሱ ነበር።

አንጎላችን መሃል አራት የተያያዙ ክፍተቶች አሉ። በእነሱ ውስጥ ጥርት ያለ ፈሳሽ ሌት ተቀን ይመነጫል፤ በአዋቂ ሰው በቀን ግማሽ ሊትር ያህል። ፈሳሹ አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን ዞሮ ወደ ደም ይመለሳል። መተላለፊያው ሲዘጋ ምንጩ አይቆምም። መውጫ ያጣው ፈሳሽ ክፍተቶቹን እየለጠጠ አንጎሉን ከውስጥ ወደ ራስ ቅሉ ይገፋዋል። «ጭንቅላቱ ውኃ ቋጠረ» የምንለው፣ ሐኪሞች ሃይድሮሴፋለስ የሚሉት ሕመም ይህ ነው። አንዳንዱ ሕፃን ከጠበበ ቦይ ጋር ይወለዳል፤ ሌላውን ማጅራት ገትር ወይም ያለጊዜው በመወለድ የሚመጣ የአንጎል መድማት ያስከትልበታል። በአገራችን ብዙ የሚታየው ደግሞ ስፓይና ቢፊዳ፣ ማለትም የጀርባ አከርካሪ ሳይዘጋ መወለድ፣ አብሮት ያለበት ሕፃን ነው።

የሕፃን የራስ ቅል አጥንቶች ስላልገጠሙ ራሱ እየሰፋ ግፊቱን ለጊዜው ይችለዋል። ልጁ ይጠባል፣ ይስቃል፤ ወላጅም ይዘናጋል። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ የተጨመቀ አንጎል የሚያጣውን ኋላ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ሁሉንም አይመልስለትም። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ የልብስ ሰፊ ሜትር። ከፊት ከቅንድብ በላይ፣ ከኋላ ጎላ ባለው አጥንት ላይ አዙሮ መለካት ነው። ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ ሕፃን የራስ ዙሪያ 35 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በየወሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከዚያ እስከ 6 ወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል። ከዚህ በግልጽ ከፈጠነ፣ የራሱ ደም ሥሮች ከተገተሩ፣ ዓይኖቹ ወደ ታች ከወረዱ ቀን መቁጠር አያስፈልግም። ጸበል ማስጠመቅ ከሆስፒታል አያስቀርም፤ ሁለቱም ይቻላሉ። እርግብግቢቷ እስካልገጠመች ድረስ በእሷ በኩል ያለ ጨረር፣ ያለ ማደንዘዣ በአልትራሳውንድ አንጎሉን ማየት ይቻላል።

በአዲስ አበባ የሕፃናት የአንጎል ቀዶ ሕክምና ዋና ቦታ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ነው። ከጥቁር አንበሳና ከዘውዲቱ ጋር፣ ሰው «ኮሪያ ሆስፒታል» የሚለው ገርጂ ያለው ሚዩንግሰንግም በዘርፉ ድርሻ አለው። ሦስቱ እ.ኤ.አ. በ2006 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኖርዌይ ባለሙያዎች እገዛ የጀመረው የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና የተካሄደባቸው ናቸው። ከዚያ በፊት በአገሪቱ የነበሩት የዘርፉ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ለወላጅ ከሁሉ የሚከብደው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያለው ሌሊት ነው። ተራው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሆነ ጡት የሚቆመው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፤ በማደንዘዣ ጊዜ ሆዱ ውስጥ ያለ ወተት ወደ ሳንባው እንዳይገባ። ሕፃኑ የወተቱን ሽታ ተከትሎ ደረቷን ይፈልጋል፣ ያለቅሳል፤ የእናትየውም ጡት ይፈስሳል። በዚያ ሰዓት አባት ወይም አክስት ቢያቅፈው ይሻላል። ቀዶ ሐኪሙ ሻንት የሚባለውን ቀጭን ቱቦ ከአንጎል ክፍተት በጆሮ ጀርባ፣ በአንገትና በደረት ቆዳ ሥር አሳልፎ ሆድ ዕቃ ውስጥ ያስገባዋል። እዚያ ፈሳሹን ሰውነት መልሶ ይመጠዋል።

ይህ መሣሪያ ዛሬ የያዘውን መልክ እንዲይዝ ያደረጉት ወላጆችም ናቸው። ጆን ሆልተር በፊላደልፊያ የቁልፍ ፋብሪካ ቴክኒሻን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለደው ልጁ ሃይድሮሴፋለስ ስለነበረበት በማግስቱ ዓመት ለሻንት አስተማማኝ ቫልቭ ሠራ። ደራሲው ሮአልድ ዳል ደግሞ ልጁ በ4 ወሩ ኒውዮርክ ውስጥ በታክሲ ተገጭቶ የተተከለለት ሻንት እየደጋገመ ሲዘጋበት፣ ከአንድ መሐንዲስና ከአንድ ቀዶ ሐኪም ጋር ሌላ ቫልቭ ፈለሰፈ። በአህጉራችን ደግሞ በኡጋንዳዋ ምባሌ ዶክተር ቤንጃሚን ዎርፍ በብዙ ሕፃናት ላይ ቱቦ የማይፈልግ የኢንዶስኮፕ ዘዴ አዳብሯል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ 100 የኡጋንዳ ሕፃናትን ያሳተፈ ጥናት ከአንድ ዓመት በኋላ ሲለካ በአእምሮ እድገት ረገድ በሻንትና በዚህ ዘዴ መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኘም።

ሻንት ተተክሎ ቤት መግባት የሕክምናው ማብቂያ አይደለም። ባደጉት አገሮችም እንኳ በልጆች ላይ ከሚተከለው ወደ 40 በመቶው በ2 ዓመት ውስጥ ይበላሻል። ተደጋጋሚ ትውከት፣ ያልተለመደ እንቅልፍ፣ ትኩሳት፣ ያበጠች እርግብግቢት፣ በቱቦው መስመር ላይ የቀላ ቆዳ ከታየ በዚያው ሌሊት መሄድ ነው።

«ምን አድርጌ ነው?» የሚለው ጥያቄ አልጋ ዳር ከተቀመጡ እናቶች ዘወትር ይሰማል። ምንም አላደረግሽም። ስፓይና ቢፊዳን ብንወስድ፣ የፅንሱ ሕብለ ሰረሰር የሚፈጠርበት ቱቦ በ28 ቀን ውስጥ፣ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ይዘጋል። ስለዚህ የቅድመ ወሊድ ክትትል ሲጀመር የሚሰጠው ኪኒን ለዚህ ጉዳይ ይዘገያል፤ ልታረግዝ የምትችል ሴት አስቀድማ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ መውሰድ አለባት። ስፓይና ቢፊዳ ያለበት ልጅ የወለደች እናት ደግሞ ከእርግዝና በፊት ሐኪሟን ስለ 4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ትጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ትልቅ ጥናት ይህ መጠን ችግሩ በቀጣዩ ልጅ ላይ እንዳይደገም 72 በመቶ እንደሚከላከል አረጋግጧል።