ጥርስንና ሙሌትን የሚያስተሳስረው ስስ ድንበር

በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተገነባውን የፋሲል ግንብ ቀረብ ብሎ ለተመለከተ ሰው፣ ድንጋዮቹን ያያያዛቸው ኖራ መሆኑ ግልጽ ነው። ኖራው በድንጋዩ ላይ ተለጥፎ ብቻ የቀረ አይደለም፤ በሸካራው ገጽና በስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ጠንክሯል እንጂ። የጥርስ ሐኪምም የተቦረቦረ ጥርስ ሲሞላ የሚመካው በዚሁ መርሕ ነው።

ከጥርስ ጠንካራ ሽፋን (ከኢናሜል) ሥር የሚገኘው ክፍል ዴንቲን ይባላል። ከክብደቱ 70 በመቶ ያህሉ ማዕድን፣ 20 በመቶ ያህሉ በአብዛኛው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን፣ ቀሪው ውሃ ነው። ሲጫኑት ቅርጹን ላለመለወጥ የሚያሳየው ግትርነት፣ ማለትም የያንግ ሞጁለሱ፣ 20 ጊጋ ፓስካል ገደማ ነው።

በተለመደው ዘዴ ዴንቲኑ ለ15 ሰከንድ ያህል ፎስፎሪክ አሲድ ይቀባል። አሲዱ እስከ ጥቂት ማይክሮ ሜትር ጥልቀት ድረስ ማዕድኑን አሟሙቶ የኮላጅን መረብ ብቻ ያስቀራል። የዚህ እርጥብ መረብ ግትርነት ከጤናማው ዴንቲን በሺዎች እጥፍ ያንሳል። መረቡ ጨርሶ ከደረቀ ይኮማተርና የማጣበቂያውን መግቢያ ይዘጋል፤ ውሃ ከበዛበት ደግሞ ማጣበቂያው በሚገባ አይጠነክርም። እርጥበቱ ልክ ሲሆን ግን ማጣበቂያው በክሮቹ መካከል ሰርጎ ይገባና በሰማያዊ ብርሃን ይጠነክራል። ከኮላጅንና ከማጣበቂያ የተዋሃደውን ይህን ንብርብር እ.ኤ.አ. በ1982 ጃፓናዊው ናካባያሺና ባልደረቦቹ ገልጸውታል።

መጋጠሚያው 30 ሜጋ ፓስካል የሚችል ቢሆን፣ እያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር 30 ኒውተን፣ ማለትም የ3 ኪሎ ግራም ዕቃ ክብደት ያህል ይሸከማል። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ቀን የተለካ ጥንካሬ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ማጣበቂያው ያልደረሰበትን ኮላጅን ውሃና በዴንቲኑ ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ቀስ በቀስ ያፈርሱታል። የተዳከመው ድንበር በየዕለቱ ማኘክ እየተሰነጠቀ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ሙሌቱ ይወልቃል።

ይህ ለጎንደር ከተማ ነዋሪ ሌላ ቀጠሮ ማለት ሊሆን ይችላል። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ከደባርቅ፣ ወይም ከዚያ ባሻገር ካሉት የሰሜን ተራሮች መንደሮች ለመጣ ገበሬ ግን ዳግመኛ ረጅም ጉዞ፣ ተጨማሪ ወጪና የባከነ የሥራ ቀን ነው። ስለሆነም ሐኪሙ ጥርሱን ከምራቅ ለመከላከልና እርጥበቱን ለመመጠን የሚያጠፋቸው ጥቂት ደቂቃዎች እንደ መዘግየት ሊቆጠሩ አይገባም፤ የሙሌቱ ዕድሜ የሚወሰነው በእነዚያ ደቂቃዎች ነውና።