ሽጉጥ መሰሉ የሙቀት መለኪያ መቼ ያሳስታል?

ከኮቪድ ወረርሽኝ (እ.ኤ.አ. 2020) ወዲህ ግንባር ላይ ተደግኖ ሙቀት የሚለካው መሣሪያ ለካምፕ ነዋሪ እንግዳ አይደለም። መልኩ ያንኑ የሚመስል፣ ነገር ግን የዕቃን ሙቀት ለመለካት የተሠራ ሌላ ዓይነት አለ። ሁለቱን ማምታታት አደጋ ስላለው ስለ አሠራሩ ጥቂት እንግለጽ።

ማንኛውም ነገር እንደ ሙቀቱ መጠን በዓይን የማይታይ ታህተ ቀይ (ኢንፍራሬድ) ጨረር ያወጣል። መሣሪያው ዕቃውን ሳይነካ ጨረሩን ተቀብሎ ወደ ዲግሪ ይለውጠዋል። ስለዚህ የሚለካው የላይኛውን ገጽ ብቻ ነው እንጂ የወጡን ውስጥ ወይም የቤቱን አየር አይደለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቀይዋ ነጥብ ነው። ነጥቧ ማነጣጠሪያ ናት እንጂ አትለካም (ወደ ዓይን ማብራት ስለሚጎዳ ለልጆች መጫወቻ አይስጡ)። መሣሪያው የሚለካው ክብ ቦታ ሲሆን፣ በራቁ ቁጥር ክቡ ይሰፋል። 12፡1 ተብሎ የተጻፈበት ከሆነ በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይለካል። ትንሽ ድስት ከሩቅ ቢለኩ እሳቱንና ጉልቻውን ይደምርብዎታል። ቀረብ ይበሉ፤ በእንፋሎትና በጭስ መካከል ግን አይለኩ።

ሁለተኛው ችግር የሚያብረቀርቅ ብረት ነው። የሸክላ ምጣድ፣ ጥላሸት የለበሰ ድስትና የሰው ቆዳ ጨረራቸውን በሚገባ ያወጣሉ። አዲስ ቆርቆሮ ግን የራሱን ጥቂት ብቻ አውጥቶ የአካባቢውን እንደ መስተዋት ይመልሳል። በቀትር እጅ የሚያቃጥል ጣራ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ጥቁር ናስትሮ ለጥፈው፣ ጥቂት ቆይተው ናስትሮው ላይ ይለኩ። እሳት ላይ ላለ ዕቃ ናስትሮ ስለሚቀልጥ ጥላሸት ያለበትን ጎን ይምረጡ።

ዋናው ማሳሰቢያችን ለወላጆች ነው። የዕቃ መለኪያውን በልጅ ግንባር ላይ አይጠቀሙ። የቆዳ ሙቀት ከሰውነት ውስጥ ሙቀት ያንሳል። የክሊኒኩ መሣሪያ ልዩነቱን አስልቶ ያስተካክላል፤ የዕቃው አያስተካክልም፤ በዚያ ላይ 2 ዲግሪ ያህል መሳሳቱ የተለመደ ነው። 39 ዲግሪ ትኩሳት ያለው ሕፃን ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። በክሊኒኩም ቢሆን ከፀሐይ እንደገቡ አያስለኩ፤ ጥላ ሥር 15 ደቂቃ ያህል ይቆዩ፣ የልጁን ቆብ ያውልቁ፣ ላቡንም ይጥረጉ።

ወባ ባለበት አካባቢ ልጁ ከተኮሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ጡት እምቢ ካለ፣ ቁጥሩ 36 ቢልም እንኳ በዚያው ዕለት ወደ ክሊኒክ ይውሰዱት።