የዳካር ገበታና የስባሪ ሩዝ ንግድ

ለንግድ ጉዳይ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው በሆቴሉ የለመደውን ምግብ ብቻ እየተመገበ ቢመለስ፣ የደረሰበትን አገር ገበያ በሚገባ አይቶአል ለማለት ያስቸግራል። የአንድ ሕዝብ ፍላጎት ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው በገበታው ላይ ነውና። ለዚህም የሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካር መልካም ምሳሌ ትሆናለች።

በዳካር ለምሳ የሚወደደው ምግብ ቼቡ ጀን ይባላል፤ ትርጓሜውም በወሎፍ ቋንቋ የዓሣ ሩዝ ማለት ነው። ዓሣው በነጭ ሽንኩርት፣ በቃሪያና በቅጠላ ቅጠል ከተሞላ በኋላ ከቲማቲም፣ ከካሮት፣ ከጥቅል ጎመንና ከካሳቫ ጋራ ይቀቀላል፤ ሩዙም በዚያው መረቅ ይበስላል። ቤተ ሰብና እንግዳ እንደ እኛ አገር አንድ ገበታ ከበው በቀኝ እጃቸው ወይም በማንኪያ ይበላሉ፤ እመቤቲቱም ዓሣውን እየቆረሰች በእንግዳው ፊት ታኖርለታለች። ከምሳ በኋላ ከቻይና የሚመጣው አረንጓዴ ሻይ፣ እንደ አቦል፣ ቶናና በረካ፣ ሦስት ጊዜ ይቀዳል። ዩኔስኮም ይህን የአበሳሰል ጥበብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል።

ለነጋዴ ትልቁ ቁም ነገር ግን ሩዙ ነው። በሌላው ዓለም ስባሪ ሩዝ ከወፍጮ የተረፈ ርካሽ ዕቃ ተብሎ ሲቆጠር፣ የሴኔጋል ሴቶች መረቁን ደኅና አድርጎ ስለሚጠጣ መርጠው ይገዙታል። ልማዱም የመጣው በቅኝ ግዛት ዘመን ነው፤ ፈረንሳዮች የአገሩ ገበሬ ለውጭ ገበያ ኦቾሎኒ እንዲዘራ ሲያተጉት፣ ለምግብ የሚሆነውን ስባሪ ሩዝ ከኢንዶቺና ግዛታቸው ያስመጡ ነበር።

ከነጻነትም በኋላ ልማዱ ስላልተለወጠ፣ የአገሩ ድስት በሩቅ አገር ወፍጮ ላይ የተመሠረተ ሆኖ ቀረ። ህንድ በ2022 ዓ.ም. በመስከረም ወር ስባሪ ሩዝ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ባገደች ጊዜ፣ ከእርስዋ ይገዙ የነበሩት የሴኔጋል አስመጪዎች ሌላ ምንጭ ለመፈለግ ተገደዱ። እገዳው ፈጽሞ የተነሣው በመጋቢት 2025 ዓ.ም. ነው። በሴኔጋል ወንዝ ሸለቆ በመስኖ የሚለማው ሩዝ ቢስፋፋም፣ አገሪቱ አሁንም ብዙ ሩዝ ከውጭ ትገዛለች።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። የመጀመሪያው፣ የአንድን ዕቃ ደረጃ የሚወስነው የሻጩ መዝገብ ሳይሆን የገዢው ድስት መሆኑ ነው፤ ሙሉውን ሩዝ ይበልጣል ብሎ ወደ ዳካር የሚልክ ነጋዴ ገዢው የማይፈልገውን ይዞ ሊቀር ይችላል። ሁለተኛው፣ ሕዝብ በየቀኑ የሚመገበውን እህል ከአንድ አገር ብቻ የሚያስመጣ ነጋዴ፣ ሁለተኛ ምንጭ አስቀድሞ ማዘጋጀት እንደሚገባው ነው። ስለዚህ ተጓዡ ነጋዴ በደረሰበት አገር በሕዝቡ ገበታ ይቀመጥ፤ ከበላም በኋላ እህሉ ከየት እንደ መጣ፣ በስንት እንደ ተገዛ፣ ስለ ምንስ እንደ ተመረጠ ምግቡን ያዘጋጀችውን ሴት ይጠይቅ። ይህን የመሰለ ዕውቀት ከዋጋ ዝርዝር ወረቀት ብቻ አይገኝም።