በረዶ ይዞ ወደ ላስታ

ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ ላሊበላ በመኪና የሚሄድ ሰው ስንቁን የሚያበላሽበት ሙቀት የሚገጥመው ላስታ ላይ ሳይሆን መንገድ ላይ ነው። ጣርማበርን ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ በጉም መካከል አልፎ ቁልቁል ሲወርድ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ 1,300 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከሚሴም ቆላ ነው። ከዚያ በኮምቦልቻ፣ በደሴና በወልድያ አድርጎ ጋሸና ሲቃረብ እንደገና ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከበላይዋ ያለው አቡነ ዮሴፍ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ በሸዋ ሮቢትና በአቡነ ዮሴፍ ጫፍ መካከል ወደ 19 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት አለ።

ድንኳን ይዞ ወደ ላስታ ተራሮች ለመውጣት ያሰበ ሰው አይስ ቦክስ ከመግዛቱ በፊት ይህን ልዩነት ቢያስብበት ገንዘቡን ያተርፋል። ውድና ግዙፍ ሳጥን የተሠራው ለበረሃና ለባሕር ዳርቻ ነው። ላስታ ግን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ራሱ ያቀዘቅዛል። እዚያ የሳጥኑ ሥራ የቆላውን መንገድ ማሻገርና የሌሊቱን ብርድ እስከ ማታ ማቆየት ነው፤ ለዚህም ርካሹ ይበቃል።

ሳጥን ብርድ አይፈጥርም፤ የገባበትን ያቆያል እንጂ። አንድ ኪሎ በረዶ ቀልጦ እስኪያልቅ 334 ኪሎ ጁል ሙቀት ይውጣል። ሙቀቱ የሚገባው በግድግዳው፣ በክዳኑና በሚከፈትበት ጊዜ በአየሩ ነው። ግድግዳው 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 20 ሊትር የሚይዝ የነጭ ፎም ሳጥን እንውሰድ። የቀኑና የሌሊቱ አማካይ ሙቀት 30 ዲግሪ በሆነበት ቆላ፣ ክዳኑ ሳይከፈት እንኳ በ24 ሰዓት ወደ 4 ኪሎ የሚጠጋ በረዶ ያቀልጣል። አማካዩ 17 ዲግሪ በሆነበት ደጋ 2 ኪሎ ገደማ ይበቃዋል። ሌሊቱ ወደ ዜሮ በሚወርድበት፣ 3,500 ሜትር አካባቢ ባለ ሰፈር ደግሞ ከ1 ኪሎ ብዙም አያልፍም። ያው ሳጥን፣ ያው ግድግዳ፤ የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው።

ገበያ ላይ የሚገኙትን በጥቅሉ እንያቸው። ነጩ የፎም ሳጥን ከሁሉም ይረክሳል፤ ዓሣና መድኃኒት የሚጓጓዝበት ስለሆነ ያገለገለም ይገኛል። ቅዝቃዜ በመያዝ አይታማም፤ ድክመቱ ስብራት ነው። ጠንካራው የፕላስቲክ ሳጥን እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ የካምፕና የሽርሽር ዕቃ ሆኖ የተስፋፋው ዓይነት ሲሆን፣ እንደ ኮልማንና ኢግሉ ያሉ ስሞች የሚታወቁት በእሱ ነው። በግድግዳው ውስጥ ፖሊዩሬቴን የተሞላለት፣ ውፍረታቸው እኩል ቢሆን፣ ከነጩ ፎም በሲሶ ያህል የተሻለ ሙቀት ይከላከላል። ርካሾቹ ላይ ግን አንድ የተደበቀ ጉድለት አለ፦ ግድግዳው ተሞልቶ ክዳኑ ባዶ ይቀራል። ሲገዙ ክዳኑን በጣት ማንኳኳት ነው፤ ባዶ የሆነው በድምፁ ይለያል። ያንኑ ገዝተው ከሆነም ከላይ ጋቢ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ ጣል ማድረግ ብዙ ያስተካክላል። ለስላሳው ባለዚፕ ቦርሳ ለአንድ ቀን ጉዞ ይሆናል፤ ቀጭን ስለሆነ ከዚያ በላይ አይጠበቅበትም። ከመኪና ባትሪ ጋር የሚሰካው የኤሌክትሪክ ሳጥን መኪናው እስከቆመበት ድረስ ነው የሚጠቅመው፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ለሚሄድ ሰው ትርፉ ሸክም ነው።

በረዶን በትክክል ስለመያዝ ከኛ አገር ሰው ሁሉ የላቀ ልምድ ያላቸው የጤና ባለሙያዎች ናቸው ብዬ አምናለሁ። ኢትዮጵያ የተስፋፋውን የክትባት ፕሮግራም የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ክትባቱን ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው ዳገት ቁልቁለት የሚሉት በአብዛኛው የቀበሌ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። የሚይዙት ትንሽ ሳጥን የበረዶ ጥቅሎች በዙሪያው ተደርድረው ክትባቱ መሐል የሚቀመጥበት ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ እንዲህ ያለው ሳጥን ውጪው 43 ዲግሪ ሆኖ ቢያንስ 15 ሰዓት ቅዝቃዜውን ሊጠብቅ ይገባል፤ ረጅም ጉዞ የሚችለው 30 ሰዓት።

ከእነሱ ሁለት ነገር እንማር። የመጀመሪያው ሳጥኑን በትክክል መሙላት ነው፦ ቅዝቃዜው በዙሪያ፣ ዕቃው መሐል፣ ባዶ ቦታ ሳይቀር፣ ክዳኑም ለሥራ ካልሆነ ሳይከፈት። ሁለተኛው ጥቂት ሰው የሚያውቀው ነው። ክትባቱ እንዳይሞቅ ብቻ ሳይሆን እንዳይረጋም ይጠበቃል፤ የሚፈለገው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ከፍሪዘር የወጣ በረዶ ወዲያው አይከተትም። ጥቅሉ ሲነቀነቅ ውስጡ ውኃ መንቀሳቀሱ እስኪሰማ ድረስ ውጭ ይቆያል፤ ያኔ ዜሮ ዲግሪ ላይ ደርሷል፣ ክትባቱንም አያረጋም። ሳጥኑን ራሱን ተውሶ ለስንቅ ማዋል ግን ነውር ነው፤ የክትባት ሳጥን ምግብ አይገባበትም።

ይህ ሁለተኛው ትምህርት ኢንሱሊን ለሚወስድ መንገደኛ የሕይወት ጉዳይ ነው። የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይመለስም፤ መጣል አለበት። በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ከበረዶው ርቆ፣ ሳጥኑ መሐል ይቀመጥ። ከ3,500 ሜትር በላይ በሚታደርበት ሌሊት ደግሞ ሳጥኑም ድንኳኑም ስለማያስተማምን ልብስ ውስጥ ከሰውነት አጠገብ ይደር። በላስታ ብርዱ ከሙቀቱ ባላነሰ የሚያጠፋው ነገር አለ።

ወደ ስንቁ እንምጣ፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና። ሳጥኑ የሚያንሰውም የሚበዛውም በምንይዘው ምግብ ነው። ለልደት ወደ ላሊበላ የሚጎርፈው ምዕመን ከየአውራጃው ቀናትና ሳምንታት በእግሩ ሲጓዝ የኖረው በረዶ ሳይዝ ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፤ እነዚህ ሁሉ ውኃቸው ወጥቶ የደረቁ ናቸው፤ ሻጋታና ባክቴሪያ ያለ ውኃ አይራባም። ቋንጣም በዚያው ብልሃት የተሠራ ነው፤ ጨውና ደረቅ አየር በረዶውን ይተካሉ። የተነጠረ ቅቤም ውኃው ስለተነነ ለሳምንታት ይቆያል። ከዚህ ላይ ጊዜው ይታከልበት። ተራራው ደርቆና ጠርቶ ለጉዞ የሚመቸው ከጥቅምት ጀምሮ ሲሆን፣ ከኅዳር 15 እስከ ልደት ዋዜማ ጾመ ነቢያት ነው። በጾም የሚሄድ ሰው ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል አይዝም፤ ምስር፣ ሽምብራ፣ ሱፍና ተልባ ደግሞ ሳጥን አይጠይቁም።

እንግዲህ ለአይስ ቦክሱ የሚቀረው ጥቂት ነው፦ አይብ፣ ወተት፣ የመጀመሪያው ማታ ሥጋ፣ የተረፈ ወጥ፣ መድኃኒት። ጥሬ ሥጋ ለመብላት አስቦ ተራራ ላይ ይዞ መውጣት በየትኛውም ሳጥን አይመከርም። ከ5 ዲግሪ በላይ የቆየ ጥሬ ሥጋ በሰዓታት ውስጥ አደገኛ ይሆናል፤ ሆስፒታል ደግሞ ቅርብ አይደለም። ሥጋውን ቤት ቀቅሎ ወይም ጠብሶ፣ አቀዝቅዞ፣ ከተቻለም አርግቶ መውሰድ ይሻላል፤ የረጋው ሥጋ ራሱ በረዶ ሆኖ ያገለግላል። ሥጋው ከታች፣ በላዩ ላይ የማይበስለው ምግብ ይደረግ፤ ፈሳሹ እንዳይነካካም በፌስታል ይታሰር።

በረዶውን መግዛት አያስፈልግም። የሁለት ሊትር ሃይላንድ ውኃ ሲረጋ በዘጠኝ በመቶ ያህል ስለሚሰፋ ጥቂት ጎደል ተደርጎ ይሞላና ፍሪዘር ውስጥ ይገባል። ትልቅ በረዶ ከፍርፋሪው ቀስ ብሎ ይቀልጣል፣ ሳጥኑን አያረጥብም፣ ሲቀልጥም ይጠጣል። ሳጥኑም ከጉዞው በፊት በነበረው ማታ በሌላ በረዶ ውስጡ ይቀዝቅዝ፤ ሙቅ ሳጥን የመጀመሪያውን በረዶ ራሱ ይበላዋል። ላሊበላ ላይ በረዶ የሚለውጥ ሰው ሆቴሉን ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ይጠይቅ፤ መብራት ሲጠፋ የአንድ ሌሊት ፍሪዘር አይበቃም። መንገዱንም እንዲሁ፤ የአካባቢውን ጸጥታ ሳይጠይቁ መነሳት በዚህ ዘመን አይገባም።

ተራራው ላይ ከደረሱ በኋላ ብርዱን ከሰማይ መውሰድ ይቻላል። ጥርት ባለ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ላይ ስለሚለቅ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ይታያል። የቀለጡትን ሃይላንዶች ሜዳ ላይ ሰማይ በሚያይ ቦታ ማሳደር፣ ሳይነጋ አንስቶ ሳጥኑ ውስጥ መክተትና መዝጋት ነው። በረዶ ባይሆኑ እንኳ ወደ ዜሮ ተጠግተው ያድራሉ። ውጭ የሚያድረው ግን ውኃ ብቻ ነው። ምግብ ቢተው ሌሊት ጅብ፣ ሲነጋ ቁራ ያገኘዋል፤ በአቡነ ዮሴፍ የሚኖረው ቀይ ቀበሮም የሰው ምግብ መልመድ የለበትም።

ቀን ቀን ደግሞ የሸክላው ጥበብ አለ። እንስራ በላቡ ውኃውን ያቀዘቅዛል። ናይጄሪያዊው መምህር መሐመድ ባህ አባ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይህንኑ ሕግ ተጠቅሞ፣ ሁለት ሸክላ አንዱን በአንዱ ውስጥ አድርጎ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ በመሙላት አትክልት የሚያቆይ ዕቃ ሠርቷል። ሸክላ ለበቅሎ ጭነት ባይሆንም እርጥብ ጆንያ ይሆናል። ሳጥኑን በረጠበ ጆንያ ሸፍኖ ጥላና ነፋስ ባለበት ማስቀመጥ በደረቁ ወራት ጥሩ ይሠራል። በክረምት ግን አየሩ ርጥብ ስለሆነ አይተንም፤ አይደከምበት።

ጭነቱን የሚሸከመው እንስሳ ይታሰብለት። ጠርዙ የሾለ ጠንካራ ሳጥን የአህያን ጎን ይገጥባል፣ በአንድ ወገን ብቻ ከተጫነም ያዘነብላል። አንድ ትልቅ ከመግዛት ሁለት ትንንሽ ሳጥን፣ በጆንያና በአሮጌ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ ግራና ቀኝ እኩል ቢጫኑ ለእንስሳውም ለሳጥኑም ይበጃል። አንዱን የቀኑ ምግብ፣ ሌላውን እስከ መጨረሻው ቀን የማይከፈት ማድረግም ይቻላል። ነጩን ፎም ከስብራት የሚያድነውም ይኸው ጥቅልል ነው፤ ክዳኑ ዙሪያውን በስኮች ይታሸግ።

በመቄት ገደል አፋፍ ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 በተስፋ ማኅበር የተጀመሩት የማኅበረሰብ ማረፊያዎች ዓይነት ቦታ የሚያድር ሰው ይህ ሁሉ ዝግጅት አያሻውም። ምግቡን የገበሬው ማኅበር ያበስላል፣ ጓዙን አህያ ይሸከማል። ለእንዲህ ያለ ጉዞ መድኃኒት የምትይዝ ትንሽ ባለዚፕ ቦርሳ ብቻ ትበቃለች፤ እኔ ብጠየቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የምመክረው ይህን ነው። በድንኳን ለሚያድር ደግሞ ሁለት የነጭ ፎም ሳጥን፣ ጆንያ፣ ስኮች፣ አራት የረጋ ሃይላንድና ጥሩ በሶ ለሦስት ቀን ከበቂ በላይ ናቸው።

አንድ አደራ ግን አለ። ነጩ ፎም ሲሰበር ወደ ቅንጣት ይበተናል፣ አይበሰብስም፣ ነፋስ በግጦሹ ላይ ይዘራዋል፤ በጉም ጭላዳውም ከሣር ጋር ያነሱታል። ሳጥኑ ቢሰበርም ባይሰበርም፣ ቁርጥራጩን ሁሉ ለቅማችሁ ከተራራው ይዛችሁ ውረዱ።