የድብድብ ጨዋታ ስሞች ከየት መጡ?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በቪዲዮ የድብድብ ጨዋታ ግን ብዙውን ስም የሚያወጡት ተጫዋቾቹ ናቸው። ልጆቻችን ከጓደኞቻቸው ጋር ሲጫወቱ "ኤል ካንስል"፣ "ዌቭዳሽ"፣ "ኮሪያን ባክዳሽ" ሲሉ እንሰማለን። ለብዙ ወላጆች ይህ ጫጫታ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ስም ምክንያት ስላለው ጥቂቶቹን ለአንባብያን ማስረዳት ወደድን።

አንዳንዱ ስም ከቁልፍ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሱፐር ስማሽ ብሮስ፣ ከዝላይ እየመታ የሚወርድ ተዋጊ መሬት ሲነካ ለቅጽበት ፈዞ ይቆማል። ከማረፉ ትንሽ ቀደም ብሎ ዜድ የተባለው ቁልፍ ከተጫነ ግን ቶሎ ይነቃል። አምራቹ ኒንቴንዶ "ለስላሳ ማረፍ" ሲለው፣ ተጫዋቾች "ዜድ ካንስል"፣ ማለትም በዜድ መሰረዝ አሉት። በ2001 ሜሌ የተባለው ተከታይ ሲወጣ በኤል ቁልፍ ስለተለመደ ስሙ "ኤል ካንስል" ሆነ። በሌሎች ቁልፎችም ይሠራል፤ ስሙ ግን አልተለወጠም።

ሌላው ስም ከመልክ ይወጣል። ናምኮ በ1994 በጀመረው የቴከን ተከታታይ ጨዋታ፣ የሚሺማ ቤተሰብ ተዋጊዎች እንደ ማዕበል ዝቅ ከፍ እያሉ ወደፊት ይገሰግሳሉ። "ዌቭዳሽ" የማዕበል ሩጫ ማለት ነው። በሜሌ ግን ይኸው ስም ሌላ ነገር ነው፤ ዘልሎ ወዲያው በሰያፍ ወደ መሬት በመሸሽ መንሸራተት ነው። ስለዚህ ሁለት ልጆች በአንድ ቃል ሁለት ነገር ይዘው ቢከራከሩ አያስደንቅም።

ሦስተኛው ስም ከባለሙያው ይወጣል። በቴከን ወደኋላ ያፈገፈገ ተዋጊ እንቅስቃሴውን ሳይጨርስ ሊደግመው አይችልም። ለአፍታ በማጎንበስ ማቋረጥና ደጋግሞ ማፈግፈግ ግን ይቻላል። ይህንን ያስታወቁት የኮሪያ ተጫዋቾች ስለሆኑ "የኮሪያ ማፈግፈግ" ተባለ። በየትም አገር ያለ ልጅ ስሙን ሲጠራ ባለሙያዎቹን ያነሳል።

ስም የሌለው ብልሃት ካየው ሰው ጋር ይቀራል፤ ስም ካለው ግን ሌላው ጠይቆ ይማረዋል። በቤታችንም እንዲሁ ነው። ልጁ በዕብራይስጥ፣ ወላጅ በአማርኛ እየተናገሩ መነጋገሪያ ሲያጡ እናያለን። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን "ይህ ለምን እንዲህ ተባለ?" ብላችሁ ጠይቁት። ካስረዳችሁ በኋላ የአማርኛ ስም አብራችሁ አውጡለት።